ዝም ብሎ የወጣው ልጅ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለወጣት የግሩፕና የቻናል አድሚኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች የሁለቱን መልስ አብሬ አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የጣናን ነፋስ ትታችሁ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ "ጥላቻ ከሚነዙ ግሩፖች ጋር ያለንን ግንኙነት እንቁረጥ ወይስ አንቁረጥ?" የሚል ነው። መልስ አለኝ፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ጉዳያችን አንድ ነበር፤ እምቦጭ። ታውቁታላችሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የውኃ አረም ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የደምቢያን፣ የሊቦ ከምከምን፣ የፎገራን ዳርቻ ምን እንዳደረገው አይተናል። ዓሣ አጥማጁ መረብ የሚጥልበት አጣ። ጀልባው መውጫ አጣ። እኛም በየሳምንቱ መጨረሻ ሚኒባስ ተኮናትረን እየሄድን በእጃችን እንነቅል ነበር። ግሩፑ ላይ የምናወራው መነሻ ሰዓት፣ ቦት ጫማ ማን ጋ እንዳለ፣ ምሳ ማን እንደሚይዝ ነበር። ሳናስበው ሺህ ሰው አለፍን።

ከሺሁ ውስጥ አንዱ ከነገደ ወይጦ የተወለደ ወጣት ነበር። አባቱ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። አያቱም ይሠሩ ነበር። ልጁ ብዙ አይጽፍም። ሲጽፍ ግን ሁላችንም እናነባለን። "ነገ ነፋሱ ይዞራል። አረሙ ከዚያ ዳር ይለቃል። እሁድ አትልፉ፣ ማክሰኞ ኑ" ይለናል። እንዳለውም ይሆናል። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ ወደ ገፋው ይሄዳል። የጣናን ነፋስ ደግሞ ከታንኳ ሠሪ ልጅ በላይ የሚያውቅ ከእኛ መሃል አልነበረም።

አንድ ማታ ልጁ ሌፍት አለ፤ ከግሩፑ ወጣ። ያቺ ትንሽ ግራጫ ጽሑፍ መጣች፣ ከሥሯ ሌላ መልእክት ተደረበ፣ አለፈች። ማንም ልብ አላለም። እኔም አላልኩም። ሁለት ሳምንት ቆይተን ፎገራ ሄድን። የምንነቅለው አረም በሌሊት ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። ባዶ ዳር ላይ ቆመን ነው "ያ ልጅ የት ገባ?" ያልነው።

ደወልኩለት። "ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለኝ። ድምፁ አላማረኝም። በሳምንቱ ወደ ሰፈራቸው ሄድኩ። አባቱ ሻይ አስቀረቡልኝ። ልጁ ብዙ ካመነታ በኋላ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።

ያየሁት አንድ ቻናል ነው። የሐይቁንና የከተማውን ፎቶ የሚለጥፍ፣ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል። ከእኛ ጋር ሊንክ እንለዋወጥ ነበር። እነሱ የእኛን ዘመቻ ያስተዋውቃሉ፣ እኛ የእነሱን ሊንክ ከላይ ፒን አድርገን እናስቀምጣለን። እዚያ ቻናል ላይ በወይጦዎች ላይ የተሠራ "ቀልድ" ነበር። አንድ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ላይ ሲሄዱ ብዙ ነው። ስለ ጉማሬ ሥጋ፣ ስለ ሽታ፣ አብሮ ስለ መብላት። እዚህ አልደግመውም። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ከሚስቁት ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ከእኛ ጋር ጭቃ ውስጥ ቆመው አረም የነቀሉ ልጆች ናቸው።

ልጁ እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ እናንተ አልጻፋችሁትም። እኔ ግን እዚያ የደረስኩት በእናንተ ሊንክ ነው።"

ከሌላ ቦታ ለሚያነብ ሰው ትንሽ ላብራራ። ነገደ ወይጦ ከጣና ጋር የኖረ ሕዝብ ነው። በድሮ ጊዜ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶባቸው ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እስልምናን ይከተላሉ። ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሳይጋራቸው ዘመናት አልፈዋል። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣት የደንገል ታንኳ ግን የእነሱ የእጅ ሥራ ናት። በከተማችን ፖስተር ላይ ታንኳዋን እንለጥፋለን፤ የሠራትን ሰው ግን እንሸሸዋለን። ስለ ጥላቻ ስናወራ ሁሌም ሐሳባችን ወደ ፖለቲካና ወደ ጦርነት ይሮጣል። ይኼኛው ከጦርነቱ በፊትም ነበረ፣ እዚሁ ውኃው ዳር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አድሚኖች ተሰበሰብን። አምስት ነን። ክርክሩ አንድ ሰሞን ወሰደ። የተባለውን እነግራችኋለሁ፤ የእናንተም ክርክር ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ እገምታለሁ።

የመጀመሪያው "ቀልድ ነው፣ አታክብዱት" አለ። ሁለተኛው ስለ ቁጥር አነሣ። በጎ ፈቃደኞቻችን ውስጥ ብዙዎቹ የመጡት በዚያ ቻናል በኩል ነው። "ብንቆርጥ ማን ሊነቅል ነው? እምቦጩ ቀልድ አይሰማም" አለ። ይህን ክርክር አትናቁት። ሐይቁ እየታመመ ነበር፤ የሰው እጅ ያስፈልገን ነበር። ሦስተኛው "ከራቅናቸው ማን ይመክራቸዋል?" አለ። አራተኛው እኔ ነበርኩ። "ዛሬ እነሱን ከቆረጥን ነገ ደግሞ ማን ማንን ሊቆርጥ ነው?" አልኩ። ፍርሃቴ እውነተኛ ነበር። አሁንም አለ።

አምስተኛዋ ከሁላችንም ታናሽ ናት። ስትሰማ ቆይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ከልጁ በፊት ስንት ሰው ዝም ብሎ ወጥቷል?"

መልስ አልነበረንም። ሊኖረንም አይችልም። በቻናሉ በኩል የመጣውን ሰው እናውቀዋለን፤ ጆይን ሲያደርግ ይታያል፣ "ከእነ እገሌ ነው የመጣሁት" ይላል። የተሰደበው ሰው ግን ምክንያቱን ጽፎ አይወጣም። ሌፍት ይላል፣ ወይም ድምፁን ዘግቶ፣ ሙት (mute) አድርጎት ይቀመጣል፣ ወይም መጀመሪያውኑ አይገባም። ስለዚህ ትርፉን እንቆጥር ነበር፤ ኪሳራው ግን የሚቆጠርበት ደብተር አልነበረንም። "ግንኙነቱ ይጠቅመናል" ስንል የነበረው በዚህ ግማሽ ሂሳብ ነው።

ያን ቀን ጥያቄው ራሱ ተለወጠብኝ። እስከዚያ ድረስ የምጠይቀው "እነዚያ ሰዎች መቆረጥ ይገባቸዋል ወይ?" የሚለውን ነበር። ያ የፍርድ ቤት ጥያቄ ነው፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ከእኔ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ይህ ሊንክ እዚህ እስካለ ድረስ ከእኛ ቤት ሰው መሃል መቀመጥ የማይችለው ማን ነው? የግንኙነቱን ዋጋ እየከፈለ ያለው ማን ነው? እኛ አምስታችን አንዲት ሳንቲም አልከፈልንም። የከፈለው ያ ልጅ ነው።

አንዲት እናት ከእኛ ጋር ይዘምታሉ፤ ነገሩን ሲሰሙ "ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሳቁት ሁለት ልጆች ምስክር ናቸው። ግን የእኛ ልጆች ባይማሩት እንኳ፣ አንድም ሰው ባይስቅ እንኳ፣ ልጁ ይወጣ ነበር።

አሁን ከበድ ወዳለው ልግባ። ባሕር ዳር ላይ ቆሜ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ይቅር የሚባል አይሆንም።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ውስጥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አስተምረዋችኋል። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሡለት ደጋግሞ ሪፖርት አደረገ። ከኩባንያው ምላሽ የመጣው አባቱ ከሞቱ ከቀናት በኋላ እንደሆነ ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ናይሮቢ የተመረጠው የእኛን አገር ልጥፎች የሚያጣሩት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

የኩባንያውን ጥፋት ፍርድ ቤት ይየው። እኔ የማስበው ስለ መሃሉ ሰው ነው። ልጥፍ ብቻውን በር ድረስ አይሄድም። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ሼር ያደርጋል፣ ሌላው ወደ ግሩፑ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ አድሚኑ ያያል፣ ያልፋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በዚያ ሰሞን እኔም ብዙ ግሩፖች ውስጥ ነበርኩ። በጎረቤቶቼ ላይ የሚወራውን እያነበብኩ ሙት አድርጌ ተቀመጥኩ። አልወጣሁም፤ አንድ ቃልም አልተነፈስኩም። ዛሬ ድረስ ያሳፍረኛል። እዚህ የመጣሁትም ከዚያ ዝምታ የተነሣ ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ሌሎችም ተፈትነውበታል። ከምሳሌዎቹ በጣም የሚያስተምረኝ ማስቶዶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመን የሚኖር ወጣት የለቀቀው የማኅበራዊ መገናኛ ሶፍትዌር ነው። አንድ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ ሰርቨር፣ የራሱ አስተዳዳሪ፣ የራሱ ደንብ አለው። ሰርቨሮቹ ግን እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ። እንደ ጣና ደሴቶች አስቡት። ደቅ የራሷ ናት፣ ክብራንም የራሷ ናት፣ ታንኳና ጀልባ ግን በመሃላቸው ይመላለሳል። አንዷ ደሴት "ከዚያኛዋ የሚመጣ ታንኳ ወደቤ አይገባም" ማለት ትችላለች። ሙሉ በሙሉ መዝጋት አለ። ከዚያ መለስ ያለም አለ፤ ታንኳው ይመጣል፣ ግን ገበያው መሃል አይራገፍም፣ የሚፈልገው ሰው ራሱ ሄዶ ያገኘዋል። መቁረጥ ሁሌም መጥረቢያ ብቻ እንዳልሆነ የተማርኩት ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ፈተናው መጣ። ጋብ የሚባል መድረክ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 2018፣ አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ምኩራብ ገብቶ 11 አይሁዳውያንን የገደለው ሰው ጥላቻውን ይጽፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ጋብ በሐምሌ 2019 ወደ ማስቶዶን ሶፍትዌር ተዛወረ። ሶፍትዌሩ ለማንም ክፍት ስለሆነ አትጠቀሙ ሊላቸው የሚችል አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰርቨሮቹ አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉ። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያ ሠሪዎችም ጋብ በእነሱ መተግበሪያ እንዳይከፈት አደረጉ። ጋብ አልጠፋም። አባላቱ እርስ በርሳቸው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ሰርቨሮቹ የወሰኑት ስለ ራሳቸው ወደብ ብቻ ነው። የጋብን አፍ አልዘጉም፤ ማንም ሊዘጋው አልቻለም። "መቁረጥ ማፈን ነው" ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ሬዲት ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወፍራም ሰዎችና በጥቁሮች ላይ ጥላቻ ይነዙ የነበሩ ግሩፖችን ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ውጤቱን አዩት። ከአባላቱ ከተጠበቀው በላይ መድረኩን ጥለው ሄዱ። የቀሩት ደግሞ የጥላቻ ቃል አጠቃቀማቸው ቢያንስ በ80 በመቶ ቀነሰ። የተሰደዱባቸው ሌሎች ግሩፖችም ያን ያህል አልተበከሉም። ይህ ብዙ ሰው የሚፈራውን አንድ ነገር ያቀልላል። ሰው የሚናገረው ብቻውን ባመነው ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቤትም ያናግረዋል።

ሕጉንም ላንሣ፣ በአጭሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ትርጉሙ ለመነሻ ይጠቅማል። ግን የቤታችንን ደንብ ለዐቃቤ ሕግ አንስጥ። ሰውን ከቤት የሚያስወጣው በሕግ የሚያስቀጣው ብቻ አይደለም። በልጁ ላይ የተሳቀው ሳቅ ፍርድ ቤት ላይደርስ ይችላል።

አሁን የራሴን ፍርሃት ላንሣ። "ጥላቻ" የሚለው ቃል በአገራችን ዱላ ሆኗል። የማይስማማን ሁሉ ጥላቻ ነዢ ነው እንላለን። ባለሥልጣን የተቸ ጥላቻ ነዢ ይባላል። መብራት ጠፋብኝ ያለ ሳይቀር። ዘመዱ የተገደለበት ሰው ሲያለቅስ እንኳ "ጥላቻ አትንዛ" የሚለው አይጠፋም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ገባን፤ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ዳያስፖራ ልጅዋን የምትናፍቅ እናት። ያ ከላይ የመጣ መቁረጥ ነው፤ ማንንም ከማንም አይለይም። ያንን የቀመሰ ሰው መቁረጥ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። እኔም ደንግጬ ነበር።

ስለዚህ መለያው ላይ ብዙ ቆየን። ምቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? በመሥሪያ ቤት፣ በፓርቲ፣ በሹም ላይ የሚወርድ ቁጣ፣ መራራም ቢሆን፣ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ሰው በተወለደበት፣ በሚያመልክበት፣ በሰውነቱ ሲመታ ነው የእኛ ጉዳይ የሚሆነው። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌላውና ለእኔ ትልቁ ግን አድሚኑ ነው። አንድ ክፉ ኮሜንት የሌለበት ግሩፕ የለም፤ የእኛም ቢፈተሽ አይጠፋም። አንድ ስክሪንሹት አይቶ መቁረጥ ቅሌት ነው። የምናየው አድሚኑ ከተነገረው በኋላ የሚያደርገውን ነው። ያነሣዋል? ዝም ይላል? ወይስ ፒን ያደርገዋል?

የቻናሉን ባለቤት ቡና ጋበዝኩት። ወጣት ነው። ፎቶ አንሺ ነው፤ ጎበዝ ነው። ክፉ ልጅ አይመስለኝም። "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሰው እየጎዳ ነው" አልኩት። ልጁን ሳልጠቅስ። አፍሮ አቀረቀረ። በነጋታው አንዱን ልጥፍ አነሣው። በሳምንቱ ሦስት ሌላ ለጠፈ። ስደውልለት "ጋሼ፣ ሰው ይወደዋል፤ ቪው የሚያመጣው እሱ ነው" አለኝ። አልዋሸኝም። ያለው ይኸው ነው።

አንድ ወር ጠበቅን። ከዚያ ወሰንን። ሊንኩን ከፒን አነሣን፣ ከእነሱ ፎርዋርድ ማድረግ አቆምን፣ የጋራ ዘመቻ ማስታወቂያም እንደማይኖር ነገርናቸው። ለአባሎቻችን የጻፍነው አራት መስመር ነው። ከማን ጋር እንደቆረጥን፣ ለምን እንደቆረጥን፣ ከመቁረጣችን በፊት ምን እንደሞከርን፣ ልጥፎቹ ተነሥተው ዳግም ካልመጡ በሩ ክፍት እንደሆነ። ስድብ አልጨመርንም። በድብቅም አላደረግነውም። በድብቅ የሚቆረጥ ሊንክ ሐሜት ይወልዳል፤ የተጎዳው ሰውም ስለ እሱ ብለን እንዳደረግነው ሳያውቅ ይቀራል።

ያላደረግነውን ደግሞ ልንገራችሁ። የዚያ ቻናል ተከታይ የሆነ አባላችንን አንድም አላስወጣንም። የማንንም ስልክ አልፈተሽንም። "ወይ ከእነሱ ወይ ከእኛ" አላልንም። ይህ ላይ አድሚኖች ተጣልተን ነበር፤ እኔ እንዳይደረግ አጥብቄ ተከራከርኩ። ግንኙነቱን የምንቆርጠው ከቻናሉ ጋር ነው። ሰው አንድ ቻናል ስለተከተለ አይቆረጥም። የሳቁትን ሁለት ልጆች ለብቻ ለብቻ አነጋገርናቸው። አንዱ አለቀሰ። ሌላው ተቆጥቶ ወጣ።

ኪሳራ ነበረው። በሚቀጥለው ዘመቻ ሚኒባሱ ግማሽ ባዶ ሄደ። "ፖለቲካ ጀመራችሁ" ያሉን ነበሩ። በዕድሜ የገፉ አንድ አባታችን ደግሞ ሌላ ነገር አሉ። "ልጆቼ፣ ሽማግሌ ሳትልኩ ቆረጣችሁ።" ይህ አሳመመኝ፣ እውነት ስለሆነ። እኔ ብቻዬን በአንድ ቡና ነበር የሞከርኩት። በአገራችን ደንብ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ "መክሬዋለሁ" አይልም። እኚህ አባት ሁለት ሰው ይዘው ሄዱ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ገና አላለቀም። ሊንኩ ግን እስኪያልቅ ድረስ ተነሥቶ ነው የሚቆየው። ሽምግልናው በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ልጁ እየተሰደበ ይጠብቅ ልንል አንችልም።

ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር።

አንዲት እህት "ብንቆርጣቸው ራሳቸውን ችለው ጨለማ ውስጥ አይብስባቸውም?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ሊብስባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ከሬዲት ተገፍተው የራሳቸውን ድረ ገጽ የከፈቱ ሁለት ማኅበረሰቦችን ተከታትሏል። ቁጥራቸውና እንቅስቃሴያቸው ቀንሷል። ከሁለቱ በአንዱ ግን የቀሩት የበለጠ መርረዋል። ይህን ደብቄ "መቁረጥ ሁሉን ይፈውሳል" ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ። ያን የመረረ ጥቂት ሰው የሚመልሰው ግን የእኔ ግሩፕ ሊንክ አልነበረም። የሚመልሰው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ወንድሙ፣ የሰፈሩ ልጅ፣ የንስሐ አባቱ፣ ኢማሙ። እንደ ሰው እንሂድ፣ እናውራ። ማኅበራችንን ግን ማስታወቂያ አናድርግላቸው።

ሌላው ወንድም ያነሣው ከሁሉም የከበደ ነው። "የራሳችን ወገን ቢሆንስ?" አለ። "በእኛ ሞት፣ በእኛ ኀዘን የሚናገር ቢሆንስ?"

አዳራሹ ጸጥ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ነው የመለስኩት።

ኀዘኑ እውነት ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሰው ያልቀበረ ስንት አለ? የሞተብንን ስም የሚጠራ፣ ያልተነገረ ግፍ የሚናገር ቻናል ያስፈልገናል። ማንም ይዘጋ ቢል እቃወማለሁ። ነገር ግን አንዳንዱ ቻናል ጠዋት ሬሳችንን ያሳየንና ማታ ሌላውን ሕዝብ በአውሬና በተባይ ስም ይጠራል። የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲከፈት ሙዚቃና ወሬ የሚወደድበት ጣቢያ ነበር። በመሃሉ ቱትሲዎችን "በረሮ" ይል ነበር። በ1994 የሆነውን የዘር ጭፍጨፋ ታውቃላችሁ። ታንዛንያ፣ አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ አለ። ሕዝብን የተባይ ስም ማውጣት ምን እንደሚያዘጋጅ ከዚያ በኋላ አላወቅንም ማለት አይቻልም።

የሌላው ሰው ጥላቻ ሲመጣ ለመቁረጥ ጀግንነት አይጠይቅም። ሁሉም ያጨበጭብልሃል። በራስህ ቋንቋ፣ በእናትህ አነጋገር፣ በእውነተኛ እንባ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው እጅህ የሚንቀጠቀጠው። "ከሃዲ" ይሉሃል። ወንድሜ፣ እኔም ተብያለሁ። መልሴ ግን ያው ነው፤ የራሳችን ሲሆን በደንብ እንቆርጣለን። ሌላው የጻፈውን እኔ መመለስ አልችልም። በእኔ ስም የሚጻፈውን ግን "በእኔ ስም አይደለም" የማለት ድርሻ አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ያልተወጣሁት ይህንን ነው።

ግሩፓችን እንዲህ ካለ አንድ ቻናል ጋር እስከ ዛሬ ግንኙነት አለው። የሞቱብንን ያስታውሳል፤ ሁለት አባሎቻችን የወንድማቸውን ፎቶ ያገኙት እዚያ ነው። የዚያኑ ያህል ሌላውን ሕዝብ ይሳደባል። ሦስት ሰው ሽምግልና ልከናል፤ ያለፈው ስሕተት ይበቃናል። መልሱ ዛሬ ማታ ይመጣል። አድሚኖቹ በሁለት ሰዓት እንገናኛለን። እኔ ድምፄን የምሰጠው ለመቁረጥ ነው። ነገ ጠዋት ለእነዚያ ሁለት አባሎቻችን የወንድማቸውን ፎቶዎች በየስልካቸው አስቀምጠንላቸው እንደሆነ ራሴ ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ስለ መጀመሪያው ልጅ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ሊንኩን ያነሣን ሰሞን ሄጄ ነገርኩት። አባቱ ጋ ተቀምጦ ደንገል በገመድ እያጠበቀ ነበር። "አየሁት፣ ጋሼ" አለኝ። ሌላ አላለም። ተመለስ አላልኩትም፤ እሱም እመለሳለሁ አላለኝም። ግሩፑ ውስጥ እስከ ዛሬ የለም። ነፋሱ ሲዞር ግን ይደውልልኛል።